ጥቁር አዝሙዱን ውሰዱ፣ ክኒኑን ግን አትጣሉ

ሰሞኑን «ዶክተር፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እውነት ስኳር ያድናል?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። አጭሩ መልስ፦ አያድንም። ግን ባዶ ወሬም አይደለም። ረጅሙን መልስ ታግሳችሁ አንብቡልኝ፣ የሰው ዓይንና ኩላሊት ያለበት ጉዳይ ነው።

ጥቁር አዝሙድን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ዳቦው ውስጥ አለ፣ በርበሬው ውስጥ አለ፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን እናሸተዋለን። ሙስሊም ወገኖቻችን ሐበቱ ሰውዳ ብለው ትልቅ ቦታ ይሰጡታል። ተመራማሪዎችን የሳበው ደግሞ በሚተነው የዘይቱ ክፍል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በእውነት ያስገርማል፤ ብግነት ይቀንሳል፣ ሴሎችን ከጉዳት ይከላከላል፣ አንዳንድ የካንሰር ሴሎችንም ይገድላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ይሄን ያነብና «ካንሰር ይገድላል» ብሎ ቪዲዮ ይለቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ንጥረ ነገሩ በቀጥታ ሴሉ ላይ ነው የሚፈሰው። በአፍ ሲወሰድ ግን ታይሞኪኖን ውኃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ካንሰራቸው ለሌላ ሕክምና እምቢ ባለ 21 ሰዎች ላይ ታይሞኪኖን በአፍ ተሰጥቶ ተሞክሯል። ሰውነታቸው ችሎታል፤ ካንሰሩ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ይሄን ቪዲዮው ላይ አትሰሙትም።

ወደ ስኳሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም የተሻለው ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት 94 ዓይነት 2 የስኳር ሕሙማንን በሦስት ከፍሎ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም ለ3 ወር ሰጣቸው። 2 ግራም የወሰዱት ላይ የ3 ወር የስኳር አማካዩ፣ ማለትም ኤ ዋን ሲ የምንለው፣ በ1.5 ገደማ ወረደ። ቀላል ቁጥር አይደለም! 1 ግራም በቂ ለውጥ አላመጣም፣ 3 ግራም ደግሞ ከ2ቱ የተሻለ ነገር አልጨመረም። «ብዙ ጠጡ፣ ብዙ ትድናላችሁ» ለሚሉት ይድረስልኝ።

ትንሽ ጥናት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሰዎቹ ክኒናቸውን አላቆሙም። ጥቁር አዝሙዱ ተጨመረላቸው እንጂ መድኃኒታቸው አልተቀማም። ገበያ ላይ የሚነገረው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ኬሚካሉን ጣሉት፣ ይሄን ያዙ»።

የደም ግፊትም ላይ እንዲሁ ነው። የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የላይኛውን ቁጥር ወደ 3 ነጥብ ያህል ያወርዳል። አንድ የተለመደ የግፊት ክኒን 9 ያህል ያወርዳል። ግፊታችሁ 170 ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ባለፈው አንዲት እናት በባዶ ሆድ ስኳራቸው 340 ሆኖ መጡ። «እማማ፣ ሜትፎርሚኑን እየወሰዱ ነው?» ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ ዘይቱን ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፣ እሱን ትቼዋለሁ» አሉ። ለምን ቀደም ብለው እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው፣ ሌላ ቦታ ለአንድ ሐኪም ነግረው በጣም ስለተቆጣቸው ከዚያ በኋላ መናገር ትተዋል።

እኔን ያናደደኝ ዘይቱ አይደለም፣ ቁጣው ነው። እኛ ሐኪሞች «ይሄ የባህል ነገር» ብለን ስንስቅ ሰው ዘይቱን አይተውም፤ ለእኛ መናገሩን ነው የሚተወው። ከዚያ ስኳሩ ለምን እንደወጣ ሳናውቅ የመድኃኒት መጠን እንጨምራለን። አንድ ቀን ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ይወስድና ስኳሩ ከመጠን በላይ ይወርድበታል። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቅር አይበላችሁና፣ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የዘይቱ ጠርሙስ ራሱም ሌላ ጣጣ ነው። በውስጡ ያለው የታይሞኪኖን መጠን ከዘይት ዘይት በጣም ይለያያል፣ ብርሃንና ሙቀትም ያበላሸዋል። ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን ባትገዙ ይሻላል። እኔን ብትጠይቁኝ ፍሬውን ራሱን ገዝቶ ቤት መፍጨት ይመረጣል፣ ቢያንስ ምን እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ምግብ ላይ የምትነሰንሱትን ማንም አይከለክላችሁም። በማንኪያ ወይም በካፕሱል እንደ መድኃኒት ልትወስዱት ከሆነ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከጀመራችሁ በኋላ ቶሎ ቶሎ ተለኩ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሳትጠይቁ አትጀምሩት፣ ደም ሊያቀጥን ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ከምግብ ያለፈ መጠን ይቅርባችሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ በምንም ዘይት ምክንያት መርፌውን እንዳያቆም፤ በተለይ ዓይነት 1 ከሆነ በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ካላችሁም ከ2 ሳምንት በፊት አቁሙትና ስትወስዱ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት። አይቆጣም። ከተቆጣም ሌላ ሐኪም ጠይቁ።