የሥነ ምግብ ሊቃውንት ዕዳ

ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ካልሆነ በቀር ሊገኝ የማይችለውን ከፍተኛ የሥነ ምግብ ትምህርት ዛሬ የሀገራችን ወጣት በአዲስ አበባ፣ በጅማና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ዶክትሬት ማዕርግ ሊማረው መቻሉ፣ ረኀብ ደጋግሞ ለጐበኘው ሕዝብ ታላቅ ደስታ የሚያሳድር ነገር ነው። ይህን የምጽፈውም ደስታውን ለማደብዘዝ አይደለም፤ ከማዕርጉ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚገባው አንድ ግዴታ፣ ይኸውም ተመራማሪው ያገኘውን ፍሬ ነገር ለተመረመሩት ሰዎች በሚሰሙት ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ፣ ከማዕርጉ መመዘኛዎች እንደ አንዱ ሲቈጠር ባለማየቴ አዝኜ ነው።

የዚህ ትምህርት ተማሪ አራት ዓመትና ከዚያም የበለጠ ጊዜ የሚያሳልፈው በመጻሕፍትና በቤተ ሙከራ መካከል ብቻ አይደለም። ገና ጎሕ ሲቀድ ከአንዲት የገጠር እናት ቤት ገብቶ፣ ሽሮው ሳይበጠበጥና እንጀራው ሳይቈረስ ሚዛኑን ይዞ ይቀመጣል፤ ለሕፃኑ የቀረበውን ይመዝናል፣ ሕፃኑ ያስተረፈውን ደግሞ ይመዝናል፣ ትናንት የተበላውንም አንድ በአንድ እየጠየቀ ይጽፋል። ነገሩ ግን ለሰሚው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ በየሳህኑ ለሚበላበት ኑሮ የታሰበው የአመዛዘን ዘዴ፣ ቤተ ሰብ በአንድ ገበታ ዙሪያ በሚቀርብበት፣ እናትም የራሷን ድርሻ በጉርሻ ለልጇ በምታሳልፍበት ቤት ሲደርስ ይቸገራልና፣ ማን ምን ያህል እንደ በላ ለመለየት ተማሪው አስተውሎ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እንግዳ መጣ ብላ ከወትሮዋ አብልጣ የምትሠራም እናት አለች፤ እንዲህ ያለው ደግነት በመዝገቡ ላይ ሐሰት ሆኖ እንዳይገባ ተማሪው ለብዙ ቀናት ተመላልሶ ቤተኛ መሆን ይኖርበታል። በዐቢይ ጾም የተመዘነ ገበታ፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ኀምሳ ከተመዘነው ጋር አይመሳሰልም፤ ጎተራው በሞላበት በጥር የተጻፈውም ጎተራው በተሟጠጠበት በነሐሴ ከሚጻፈው እጅግ የራቀ ነው። ነፍሰ ጡሮችም በንስሓ አባታቸው ፈቃድ ከጾም ሊያርፉ ሲችሉ፣ ስለ ሃይማኖታቸው ፍቅር ጾሙን አጥብቀው የሚይዙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ያልጠየቀ ተመራማሪ ያገኘውን ቍጥር ፍቺ አያገኝለትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ማን ነው? መምህሩ ዘዴውን ያስተምራል፤ የገበታውን ምሥጢር የምትገልጠው ግን እናቲቱ ናት። ጊዜዋን የምትሰጥ እርሷ ናት፤ ከክንዷ ደም፣ ከጡቷም ወተት ለምርመራ የምትሰጥ እርሷ ናት፤ የልጇን ቁመትና ክብደት የምታስለካም እርሷ ናት።

በሀገራችን የዚህ ጥበብ ምርምር ሥር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በተቋቋመ ጊዜ ሲሆን፣ ይኸው ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሰፋ፤ ብዙ ሕፃናት ያደጉበት ፋፋ የተባለው ምግብም የዚያ ቤት የድካም ፍሬ ነው። ከዚያን ዘመን ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ጥቂት አይደለም። ጤፍ እጅግ ብዙ የብረት ማዕድን እንዳለበት ሲነገር ኖሮ፣ ከዚያ ብረት ከፍ ያለው ክፍል እህሉ በአውድማ ላይ በበሬዎች ሲበራይ ከአፈሩ የሚቀላቀል መሆኑንና ሰውነትም ይህን የአፈር ብረት እምብዛም የማይቀበለው መሆኑን ሊቃውንቱ ደርሰውበታል። እንዲሁም በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለው ነገር ብረትንና ዚንክን አስሮ እንደሚያስቀር፣ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ይህ ማሰሪያ እንደሚላላ ታውቋል። በሲዳማም በቆሎና ቆጮ አዘውትረው በሚመገቡ ነፍሰ ጡሮች መካከል የዚንክ ማነስ የበዛ መሆኑ ተመርምሮ ተገልጧል። ሊጥ በማቡካት ዕድሜዋን ያሳለፈች ሴት፣ የእጅዋ ሥራ በልጇ ደም ውስጥ የሚያደርገውን ለመስማት ከማን ታንሳለች?

የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በጥቍር ክርታስ ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከእርሱ የወጡት መጣጥፎች ባሕር ማዶ በሚታተሙ መጽሔቶች ይወጣሉ፤ ወጣቱም «ዶክተር» ተብሎ ይጠራል፤ ደሟን የሰጠችው እናት ግን ደሟ ምን እንደ ተናገረ ሳትሰማ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ፣ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉትም በቂ ነው የሚባለውን ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ በሆኑበት ሀገር፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ከባድ ጕዳት ነው።

ሊቅ የሚመዘነው በሊቃውንት ፊት ነው፣ ገበሬና የቤት እመቤት ምን ያውቁለታል የሚሉ እንዳሉ ዐውቃለሁ። በሊቃውንት ፊት መመዘኑንስ አልቃወምም። የድጓ ተማሪም ለዓመታት በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ፣ ደክሞ፣ በመጨረሻ በመምህራን ፊት ያስመሰክራል፤ ነገር ግን ካስመሰከረ በኋላ ወንበር ዘርግቶ ለሌላው ካላስተማረ ድካሙ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርለትም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ በአንድ ጥናት ብቻ የሕዝብን አመጋገብ ለመለወጥ መቸኰል አይገባም የሚለው ነው፤ ይህም እውነት ነው። እኔ የምለው ግን ተመራማሪው ያየውን ይንገር እንጂ ይህን ብሉ፣ ያን ተዉ ብሎ ይዘዝ አይደለም። ያየውን ሲነግርም ራሱ ይጠቀማል፤ የሰበሰበው ቍጥር በተነበበ ጊዜ «ያን ሳምንት እኮ ፍልሰታ ነበር» ወይም «ያን ዓመት ውርጭ መትቶናል» የምትል እናት ከተሰብሳቢው መካከል ተነሥታ፣ ሦስት መርማሪዎች ያላዩትን ስሕተት ልታሳየው ትችላለችና።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሁሉ ከመቀንጨር እንዲድን ለሕዝብ ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸመው በእናቶች እጅ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየደንባቸው አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ እለምናለሁ፤ ይኸውም ማንኛውም የሥነ ምግብ የዶክትሬት ተማሪ ጽሑፉን በመርማሪዎች ፊት ከማቅረቡ አስቀድሞ፣ ጥናቱ በተደረገበት ወረዳ ቋንቋ ጥቂት ገጽ ያላት መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባሉበት ለእናቶቹ እንዲያነብ፣ ጥያቄያቸውንም መዝግቦ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር እንዲያያይዝ የሚያዝ ነው። ለኅትመቷና ለመንገዱ የሚወጣው ገንዘብ ለደም ናሙና ምርመራ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነውና፣ የምርምሩ በጀት መጀመሪያ ሲጻፍ አብሮ ሊያዝ ይችላል።