የሞተር አምልኮ እና የእንጦጦ ቁልቁለት

ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና፣ በተለይ ጀርመን ሠራሽ ኩፔ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው ምክር ከአዲሱ ገበያ እስከ ጎተራ አንድ ዓይነት ነው። የሞተሩን ኮምፒዩተር የሚነካካው ቺፕ ይጫን፣ ማርሚታው ይከፈት፣ የአየር ማጣሪያው ይቀየር፤ ከዚያ ሞላው ይቆረጥና መኪናው መሬት ሊነካ ይቅረብ። ወንበሩ፣ መሪውና ክሩስኮቱ ገንዘብ ከተረፈ የሚታሰብላቸው ጌጦች ናቸው። ፍሬን እስካልጮኸ ድረስ ስሙን የሚያነሳ የለም። ሞተሩ ለምን እንደሚቀድም ለሚጠይቅ ደግሞ ሳይንስ የሚመስል መልስ ተዘጋጅቷል፦ «ጋሼ፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል፤ እሱን መመለስ አለብን።»

የዚህ አባባል የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጉለሌ ከመሀል ከተማው ከፍ ይላል፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው እፍጋት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኩፔ ወዳጆች ስሙን ሲያነሱ የማይጠግቡትን ቢኤምደብሊው ኤም 3 እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተመረተውን፣ ኢ46 የሚባለውን። ሞተሩ 3.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 343 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ 260 ቢቀረው ነው። ባለቤቱ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ስሕተቱ ያለው «መመለስ አለብን» የሚለው ላይ ነው። ቺፕ አየር አይፈጥርም። ቱርቦ የሌለውን ሞተር ኮምፒዩተር በመነካካት የሚገኘው ጥቂት ፐርሰንት ነው፤ ማርሚታ በመክፈት የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ድምፅ ነው፣ እሱም ለባለቤቱ ሳይሆን ለሰፈሩ። ቱርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ ኩፔዎች ጉድለቱን በከፊል ራሳቸው ይሞሉታል። ነገር ግን ስሱን አየር ለመጭመቅ ቱርቦው ከወትሮው ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው አየርም ይበልጥ ይሞቃል። በዚያ ላይ ቺፕ ጭኖ ተጨማሪ ግፊት መጠየቅ ለቱርቦው ዕድሜ ማሳጠሪያ ነው።

ምክሩ የመጣው ከባሕር ጠለል ነው። ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ወይም ዱባይ ያለ የአክስት ልጅ በስልክ ይመክራል፣ ዕቃውንም ለሚመጣ ሰው በሻንጣ ይልካል። ከዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች መኪናቸውን ይዘው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው የሰሚት ፖይንት የውድድር መስክ ይሄዳሉ፤ እዚያ አየሩ ሙሉ ነው፣ ሞተር ላይ የሚወጣ ገንዘብም ቢያንስ ፍሬ አለው። እዚያ የሠራው እዚህ ይሠራል ብሎ መቀበል ግን መኪናው የሚተነፍሰውን አየር መርሳት ነው።

ደግሞም የመኪናው ሠሪዎች ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ ኤም 3 ለውድድር መስክ እንዲመች አድርጎ ሲኤስኤል የሚባለውን አወጣ። ያ ሁሉ መሐንዲስና ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው ሞተሩ ላይ የጨመረው 17 ፈረስ ብቻ ነው፤ 343 የነበረው 360 ሆነ። ክብደቱን ግን በ110 ኪሎ ቀነሰ፤ ጣሪያውን በካርቦን ሠራ፣ ድምፅ መከላከያውን አወጣ፣ ወንበሩን ሰውነት በሚይዝ ቀላል ወንበር ተካ፣ ሬዲዮና አየር ማቀዝቀዣን «ካልጠየቃችሁ አናስገባም» አለ። የፊት ፍሬን ዲስኩን ወደ 345 ሚሊሜትር አሳደገ፣ መሪውን ፈጣን አደረገ። የጎማው ነገር ደግሞ የጉድ ነው፤ ለደረቅ አስፋልት የተሠራ ጎማ በመሆኑ ገዢው በዝናብ ያለውን አደጋ ማወቁን እንዲፈርም ይደረግ ነበር። ያንን ጎማ በነሐሴ ዝናብ ከእንጦጦ ሲያወርዱት ማሰብ ነው! ያም ሆነ ይህ፣ ፋብሪካው ራሱ ኩፔን ለውድድር ሲያዘጋጅ ሥራው የበዛው ከሞተሩ ውጭና ከመኪናው ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ስለ ስስ አየር የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የሚያስቡት ዳገቱን ብቻ ነው። የወጣ መኪና ይወርዳል፤ ነገሩ የሚታየውም ሲወርድ ነው።

ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ ተነስቶ ወደ ሽሮ ሜዳና ስድስት ኪሎ የሚወርድ መኪና በግርድፉ 400 ሜትር ከፍታ ይጥላል። ሾፌሩን ጨምሮ 1,600 ኪሎ የሚመዝን ኩፔ በዚህ ቁልቁለት ከ6 ሚሊዮን ጁል የሚበልጥ ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። አራቱ የፍሬን ዲስኮች በድምሩ 30 ኪሎ ብረት ናቸው እንበል። ያ ጉልበት በሙሉ ወደ እነሱ ቢገባና ምንም ባይበርዱ ሙቀታቸው በ450 ዲግሪ ይጨምራል። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ሞተሩና የአየሩ ግጭት ይውሰዱት፤ ከ200 ዲግሪ በላይ አሁንም ይቀራል። ለንጽጽር፣ ያው መኪና በውድድር መስክ ከ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 80 ለመውረድ ፍሬን ሲይዝ የሚያራግፈው 2 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። አንድ የእንጦጦ ቁልቁለት ሦስት እንዲህ ያሉ የውድድር ፍሬኖችን ያክላል፤ ማንም ሳይወዳደር፣ በሕጋዊ ፍጥነት፣ ቤተሰብ ጭኖ።

ጋራዡ የማይነግረን ይህን ነው፦ ስሱ አየር የሚያደክመው ሞተሩን ብቻ አይደለም፣ መኪናውን የሚያቆሙትንም ጭምር ነው። ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው አየር ሲሳሳ ዲስኩ ይበልጥ ይግላል። መኪናውን ፊት ለፊት የሚገፋው አየር ሲሳሳ በራሱ የሚዘገየው ያንሳል። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት እገዛ ስላለው ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ያም አያያዝ ይላላል። ከእነዚህ አንዱም በጎማው ላይ የሚደርስ አይደለም፤ ጎማ አስፋልቱን እንደ ድሮው ይይዛል፣ ሾፌሩም ሁሉ ደህና ይመስለዋል። እስኪሞቅ ድረስ ደህና ነው።

መጥፎው ሰዓት ደግሞ መውረዱ ካለቀ በኋላ ይመጣል። መኪናው ሽሮ ሜዳ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆመ እንበል፤ ነጠላና ቀሚስ ከተሰቀለባቸው ሱቆች ፊት ለፊት። ነፋስ የለም። በዲስኩ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት በፍሬን ሸራው በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት ሲይዝ መለኪያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ክረምት ደርቦ ያለፈበት፣ ከተቀየረ ዓመታት የሆነው ዘይት ይህ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ከባሕር ጠለል ቀድሞ ይፈላል፤ ሽሮ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለው» እንላለን፤ የለመንነው ይመስል።

ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሚፈለገው ዕቃ ከቺፑና ከማርሚታው ዋጋ ጋር ሲተያይ ተራ ነው። አዲስ ዘይት፣ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ ከፊት ፓራውልት ስር ወደ ዲስኩ አየር የሚወስድ ቱቦ። ሸራ በሻንጣ ውስጥ የማርሚታን ያህል ቦታ አይፈጅም፤ ቨርጂኒያ ያለው ወንድም ለምን እሱን እንደማይልክ አይገባኝም።

ይህ የእኔ ብቻ ስሌት እንዳይመስል፣ ከእኛ ዝቅ ያለች፣ ግን የፎርሙላ ዋን መስክ ያላት ከተማ አለች፦ ሜክሲኮ ሲቲ። መስኩ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደዚያ ሲመለስ የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች የተቸገሩት በፍሬንና በሞተር ማቀዝቀዝ ነው። ለሞናኮ መስክ እንደሚገጠመው ያለ ትልቅ ክንፍ ገጥመው ይሄዳሉ፣ ክንፉ ወደ መሬት የሚጫንበት ግፊት ግን ስሱ አየር ስለማይገፋው ለሞንዛ መስክ እንደሚገጠመው ትንሽ ክንፍ ያህል ነው፤ የፍሬን አየር መግቢያቸውን ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ ያሰፋሉ። የእኛ ሰው ግን ኋላ ላይ ክንፍ ይለጥፋል፤ በዚህ ፍጥነትና በዚህ አየር ሊሰጥ የሚችለው ጥላ ብቻ ነው።

ሞላ ስለ መቁረጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኢ46 የኋላ አክስሉ የሚያያዝበት ላሜራ በመሰንጠቅ የታወቀ መኪና ነው፤ በአዲስ አበባ ጉድጓድ ላይ በተቆረጠ ሞላ ማስኬድ ደግሞ ስንጥቁን መጥራት ነው።

ስለ ውስጡ ያለው አስተያየት ከሞተሩም የባሰ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ወንበር ጌጥ አይደለም። በጠመዝማዛ መንገድ ሰውነቱን የሚይዘው ወንበር የሌለው ሾፌር ራሱን የሚደግፈው በመሪው ነው፤ እጁ መሪ ለማዞር ሳይሆን ላለመውደቅ ይሠራል። ሲኤስኤል ወንበሩን የቀየረው ለዚህም ጭምር ነው። እኛ ግን ወንበር እናሰማምራለን ስንል የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። የአልማዝ ቅርጽ ስፌት ያለው የሚያንሸራትት ቆዳ፣ ከስሩ ሾፌሩን ከፍ የሚያደርግ ወፍራም ስፖንጅ። ከዚህ የከፋው ስፌቱ ነው፤ ብዙ ዘመናዊ ኩፔዎች በወንበሩ ጎን ኤርባግ አላቸው፣ የፋብሪካው ስፌትም እዚያ ቦታ ላይ ኤርባጉ ሲፈነዳ እንዲቀደድ ተደርጎ በደካማ ክር የተሰፋ ነው። በጠንካራ ናይለን ጥብቅ አድርጎ የሰፋው ባለሙያ ሳያውቀው ኤርባጉን ቀብሮታል። የፋብሪካውን መሪ አውጥቶ ትንሽ «ስፖርት» መሪ መግጠምም ያው ነው፤ ኤርባጉ አብሮ ይወጣል።

የሚያሳዝነው፣ በእጅ ሥራ ጉለሌን የሚወዳደር ሰፈር ሳይኖር ይህን ማድረጋችን ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አሉ፣ የቀጨኔ ባለእጆች አሉ። የአገራችን ደጋ በግ ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ለጓንት የሚፈለግ ነው፤ ለወንበር ይሳሳል፣ ለመሪ ልባስ ግን ከየትኛውም የቻይና ፕላስቲክ ቆዳ ይሻላል፣ በላብ አያንሸራትትም። ለወንበሩ መሀል ደግሞ ቡልኮ የመሰለ ወፍራም የጥጥ ሽመና ለከተማ መንዳት ከቆዳ ይልቅ ጀርባ ይይዛል፣ ይተነፍሳልም። (ለውድድር መስክ እሳት የሚቋቋም ጨርቅ ግድ ነው፤ እዚያ ቡልኮ አይገባም።) እኛ ግን ክሩስኮቱን በጸጉራም ምንጣፍ ሸፍነን ትልቅ ስክሪን እንለጥፍበታለን፤ ሾፌሩ በቁልቁለቱ ላይ ፊልም እንዲያይ ይሆን?

«መንዳት የምንችልበት መስክ ሳይኖር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። መንገዱ የውድድር ቦታ አይደለም፤ በዚህ ክርክር የለም። ስሌቱን ግን ተመልሰው ይዩት፤ ውድድር አልነበረበትም። «አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው ፍሬኑ ሳይሞቅ ስድስት ኪሎ ይደርሳል፤ አናት ላይ ባትሪው ሞልቶ ካልተነሳ በቀር። ይህ የእኔን ነገር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

እንዲያውም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ማስገባት ስለታገደ፣ ከዚያ በፊትም አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ የከመረው ኤክሳይዝ ታክስ ስላለ፣ ዛሬ ከተማው ውስጥ ያሉት የነዳጅ ኩፔዎች ተተኪ የላቸውም። ያለው ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ ሞተሩ የተነካካ ኩፔ ሁሉ ዓመታዊ ቦሎ ከመሰጠቱ በፊት ተጭኖ ከእንጦጦ ይውረድ፣ ሽሮ ሜዳ አሥር ደቂቃ ይቁም፣ ከዚያ ፔዳሉ ይረገጥ። ከሰመጠ ቦሎ የለም። መርማሪውም ሲወርድ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥ።