የጥቁር መኪና ጭረት በቤት ውስጥ

ባለፈው ሳምንት ታናሹ ልጄ ሊያስደስተኝ ብሎ አቧራ የለበሰችውን ጥቁር መኪናችንን በደረቅ እራፊ ሲወለውል ዋለ። ወደ ማታ ፀሐይ ዘንበል ስትል በሩ በነጫጭ መስመር ተሞልቶ አየሁት። ልቆጣው ብዬ ተውኩት፤ ጥፋቱ አስቀድሜ ያላስተማርኩት የእኔ ነበርና።

እኛ የተጂ ነዋሪዎች በጅማ መንገድ በሰበታ በኩል አዲስ አበባ ደርሰን እንመለሳለን። የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ሆኖ መኪናችን ላይ ያርፋል። በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ ጠጣር በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ቀለሙን ይጭራል። በጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ጭረቱ ብርሃን ስለሚበትን ነጭ ሆኖ ይጎላል።

መጀመሪያ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ ብዙ ውሃ ከላይ ወደ ታች አፍስሱባት፤ ቀጥሎ በመኪና ሻምፖና በለስላሳ ጨርቅ እጠቧት። ጭረቱ እርጥብ ሳለ ከጠፋ ቀላል ነው። ሲደርቅ ጥፍራችሁን አሻግሩበት፤ ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ስለሆነ በእጅ አይለቅም።

ለቀላሉ ጭረት ሽምብራ የምታህል ፖሊሽ በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ በመጠኑ እየተጫናችሁ እሹት። ጠርጋችሁ በብርሃን እዩት። ካልለቀቀ አንድ ሁለቴ ድገሙና ይብቃችሁ። ፖሊሽ የሚሠራው የጭረቱን ዙሪያ በጥቂቱ ፍቆ በማስተካከል ነው። ቀለሙን የሚጠብቀው ክሊር የተባለው ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ፀጉር የሳሳ ነው፤ ካለቀ አይመለስም። በተለይ ጠርዝና ማዕዘን ላይ እጃችሁን አቅልሉ። ክሊር በሌላቸው የድሮ መኪኖች ላይ ጨርቁ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የሚለቀው ራሱ ቀለሙ ነውና እዚያም ቶሎ አቁሙ። በመጨረሻ የመኪና ሰም ቀቡት።

ብረቱ ከታየ ግን ዝገት ሳይቀድማችሁ ወደ ቀለም ቀቢ ውሰዷት። ናፍጣ መቀባት ጭረቱን ለጊዜው ይደብቃል እንጂ አያጠፋም፤ መኪና ለመሸጥ ሲባል እንዲህ ማድረግም ገዢን ማታለል ነው።

እኔና ልጄ በሩን አብረን አሸነው። አብዛኛው ለቀቀ፤ ከእጀታው ሥር አንድ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቀረ። እርሱን ተውነው። አሁን ልጁ ጨርቅ ከማንሳቱ በፊት ባልዲ ያነሳል።