ጠሪ አክባሪ ነው



«ጠሪ አክባሪ ነው» የሚለው ብሂል ለሠርግና ለዝክር ብቻ የተነገረ አይደለም። የንግድ ማኅበርም አባላቱን ለምክር ሲጠራ የሚያከብራቸው ቀኑንና ሰዓቱን አጣርቶ በመንገር ነው። ዛሬ ጥሪው በስልክ የቀን መቁጠሪያ በኩል ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ፍጥነቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱም በዚያው ፍጥነት ለሁሉ ይዳረሳል።

የጊዳ አያና ነጋዴ ለስብሰባ ወደ ነቀምት ሲመጣ የመኪና ሒሳብ ይከፍላል፤ ሱቁን ለሌላ አደራ ይሰጣል፤ ሰሊጥና ኑግ በሚገባበት ወራትም የቀን ገበያውን ይተዋል። ከደረሰ በኋላ «ስብሰባው ተላልፏል» ቢባል፣ ኪሳራው የሚወድቀው በጠሪው ላይ ሳይሆን በተጠሪው ላይ ነው።

የስሕተቱ የመጀመሪያ ምንጭ ሰዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 9 ሰዓት ብሎ ያውቀዋል፤ ጸሐፊው 3 ብሎ ቢያስገባ ጥሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያርፋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቢውልም፣ በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በእንዲህ ያለው ዓመት ቀኑን ከልማድ የሚገለብጥ ሰው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይስታል። የወለጋን ቡና ለውጭ ገዥ የሚያቀርብ ላኪ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት፤ የጀርመን ሰዓት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሚለወጥ፣ ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት አንዴ 1፣ አንዴ 2 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የአገራችን ቀንና ሰዓት በጥሪው ርእስ ላይ በፊደል ተጽፎ መታየት ይገባዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የጠሪዎች መብዛት ነው። አንዱ ሰዓቱን ይለውጣል፤ ሌላው የቀድሞውን ሳይሰርዝ አዲስ ጥሪ ይልካል፤ ተጠሪው በሁለት ቀጠሮ መካከል ይቀራል። ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ኃላፊ ጸሐፊ ይመደብ፤ ለውጥ ቢያስፈልግ እርሱ ብቻ የመጀመሪያውን ጥሪ ያርም። የአባላት ዝርዝር በአንድ የጋራ የኢሜይል አድራሻ ሥር ተጠብቆ የገባውና የወጣው በየጊዜው ይስተካከል። ተጠሪዎች የእርስ በርሳቸውን አድራሻ እንዳያዩ መከልከልም ይገባል፤ የደንበኛ አድራሻ ለነጋዴ ሀብት ነውና። የሚመጣውና የማይመጣው መልስም በጸሐፊው ዘንድ ይቈጠር እንጂ ለሁሉ አይበተን።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ስልክ መደወል አይበቃምን?» የሚሉ አሉ። ለአሥር ሰው ይበቃል፤ ለሁለት መቶ ግን የሚደውለው ሰው ሳይጨርስ ቀኑ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በስልክ ጥሪ ብቻ መታመንም አይገባም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የወለጋ ነጋዴ አይዘነጋውም። ስለዚህ በየከተማው አንድ ተጠሪ አባል ይመረጥ፤ የታተመ ማስታወቂያም በየጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ነጋዴ ዕቃ ሲረከብ ሚዛኑን እንደሚያጣራ ሁሉ፣ ማኅበርም ጥሪውን ከመላኩ በፊት ሊያጣራው ይገባል። በከንቱ የተጠራ አባል በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሩን ባዶ ይተዋል፤ ባዶ ወንበር በበዛበት ጉባኤ የሚወሰነው ውሳኔም በገበያው ላይ ተሰሚነት አይኖረውም።