ዜማውን እየወደዱ ባለዜማውን መናቅ

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር ብለን ስለ ሙዚቃ እናውራ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ማድሪድ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥብ ነበር። ዋናው ሼፍ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቁጡ ግን ደግ ሰው ነው። አርብ ማታ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ስልኩን መደርደሪያው ላይ ያቆምና ፍላሜንኮ ይከፍታል። ሁሌም ካማሮን ደ ላ ኢስላን ነው፤ በ1992 ገና በ41 ዓመቱ የሞተውን ዘፋኝ። ያን ድምፅ ሲሰማ ቢላዋውን አስቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዳንዴ እንባው ሁሉ ይመጣል። እኔም ቋንቋውን በቅጡ ሳላውቅ ሆዴ ይባባ ነበር።

አንድ አርብ ታዲያ ዘፈኑ እየተሰማ አንድ ወጣት በጓሮ በር ገባና ሥራ እንዳለ ጠየቀ። ሰሃን አጣቢ እንደሚፈለግ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሼፉ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና "ሰው አግኝተናል" አለው። አላገኘንም ነበር። ልጁ እንደወጣ ወደኛ ዞሮ "ሂታኖ ነው። ከነሱ ጋር ጥንቃቄ ነው" አለን።

ስልኩ ላይ ካማሮን አሁንም ይዘፍናል። እኔም በተሰባበረ ስፓኒሽ "ካማሮንስ ሂታኖ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ካማሮንማ ሌላ ነው!"

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ያ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ለመሆኑ ሂታኖዎች እነማን ናቸው? እኛ "ጂፕሲ" ብለን የምናውቀው ሕዝብ የስፔን ቅርንጫፍ ናቸው። ጂፕሲም ሂታኖም "ግብፃዊ" ከሚል ቃል የመጡ ስሞች ናቸው። በ1425 የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ "የትንሿ ግብፅ ሁዋን" ለተባለ መሪያቸው የይለፍ ደብዳቤ ሰጥቶት ነበር። ግን ከግብፅ አልመጡም። ምስክሩ ቋንቋቸው ነው። የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው "ፓኒ" ውሃ መሆኑን ያውቃል፤ የስፔን ሂታኖም ውሃን "ፓኚ" ይላል። ቅድመ አያቶቻቸው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን ሕንድ ተነስተው፣ በፋርስ፣ በአርመንና በግሪክ አልፈው፣ ከየደረሱበት ቃል እየለቀሙ ነው አውሮፓ የገቡት።

እንግድነቱ ብዙ አልቆየም። በ1499 ንግሥት ኢዛቤላና ንጉሥ ፈርዲናንድ "በ60 ቀን ውስጥ ወይ ጌታ ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ወይ ከአገር ውጡ" የሚል አዋጅ አወጡ። በ1633 ፊሊፕ አራተኛ ልብሳቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ አልፎ ተርፎም "ሂታኖ" የሚለውን ስም ራሱን ከለከለ። በሐምሌ 1749 ደግሞ በፈርዲናንድ ስድስተኛ ዘመን በአንድ ጊዜ ታፈሱ። ከ9,000 እስከ 12,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። ወንዶቹ፣ ከሰባት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ሳይቀሩ፣ መርከብ ወደሚሠራበት የባሕር ኃይል ግቢ ለጉልበት ሥራ ተላኩ፤ ሴቶቹና ሕፃናቱ ለብቻቸው ተዘጉ። የመጨረሻዎቹ እስረኞች የተፈቱት በ1765 ነው። በ1783 ካርሎስ ሦስተኛ "ከሌላው ዜጋ እኩል ናችሁ" አላቸው፤ ግን አሁንም ቋንቋችሁን፣ አለባበሳችሁንና መንከራተታችሁን ተዉ በሚል ቅድመ ሁኔታ። እኩል ትሆናለህ፤ ራስህን ግን አትሆንም ማለት ነው።

ሰው ለሁለትና ለሦስት መቶ ዓመት በገዛ ቋንቋው እንዳይናገር ሲከለከል ቋንቋው ምን ይሆናል? ሰዋስዉ ይሞታል፤ ቃላቱ ይተርፋሉ። የስፔን ሂታኖዎች ቋንቋ "ካሎ" ይባላል፤ ትርጉሙ "ጥቁር" ነው። ራሳቸውንም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ካሎ ዛሬ የስፓኒሽ አጥንት ላይ የተለጠፈ የሂታኖ ሥጋ ነው። እኛ "ሼር አድርጉልኝ" ስንል ሼር የእንግሊዝ፣ ማድረግ የኛ አይደል? እንደዚያ በሉት፤ ቃሉ ከሕንድ የመጣ፣ እርባታው የስፓኒሽ።

የተረፈው ቃል ደግሞ የተጠለለበት ትልቁ ቤት ሙዚቃው ነው።

ፍላሜንኮ አንድ ወጥ ዘፈን አይደለም። "ፓሎ" የሚባሉ ብዙ ስልቶች አሉት። እኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እንደምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ፓሎ ቅኝት ብቻ ሳይሆን ምቱንና ስሜቱንም አብሮ የሚይዝ መሆኑ ነው። ሶሌያ በ12 ምት የሚሄድ ረጋ ያለ ዘፈን ነው፤ ስሙ "ብቸኝነት" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አሌግሪያስ ያንኑ 12 ምት ይዞ ይፈጥናል፤ የካዲስ ከተማ ደስታ ነው። ቡሌሪያስ ከሁሉም ይፈጥናል፤ ሄሬስ ላይ በጭብጨባ ቤት ሲያናውጥ ማየት ነው። ሴጊሪያ ግን የሞትና የሐዘን ነው፤ ዘፋኙ ገና ሳይጀምር ታዳሚው ዝም ይላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ቶና የሚባለው ያለ ጊታር የሚዘፈን ቤተሰብ ነው። በውስጡ ማርቲኔቴ አለ፤ ከመዶሻ ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ የቀጥቃጮች ዘፈን። ብዙ ሂታኖዎች ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፤ የካማሮን አባትም እንዲሁ። ካርሴሌራ አለ፤ ካርሴል ማለት እስር ቤት ነው። ዴብላ አለ፤ በካሎ አምላክን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው ይባላል። እስቲ እነዚህን ሦስት ስሞች ከላይ ከዘረዘርኳቸው አዋጆች ጎን አስቀምጧቸው። የቀጥቃጭ ቤት፣ እስር ቤት፣ አምላክ። ሕጉ የጻፈውን ዘፈኑም በራሱ መንገድ መዝግቦታል።

እዚህ ላይ "ታዲያ ፍላሜንኮ የሂታኖዎች ብቻ ነው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። የፋንዳንጎ ቤተሰብ፣ የማላጋው ማላጌኛ፣ ከኩባ ተሻግሮ የመጣው ጓሂራ ሌላ ምንጭ አላቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴጊሪያን በመዝፈን ስሙ የገነነው ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ አባቱ ጣሊያናዊ ነው። ከካማሮን ጎን ጊታር ይዞ ዓለምን ያስደመመው ፓኮ ደ ሉሲያም ሂታኖ አልነበረም። ስለዚህ "ንጹሕ ደም ከሌለህ አትዘፍነውም" የሚሉትን አልቀበልም። የደም ወሬ የትም ቢሆን መጨረሻው አያምርም። አንዳሉሲያ ውስጥ አብረው የተራቡ፣ አብረው የታሰሩ፣ አብረው ሰርግ የደገሱ ሰዎች የሠሩት ሙዚቃ ነው።

ግን አብሮ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ከፎቶው ቆርጦ ማውጣት ሌላ። "ሙዚቃው የሁላችን ነው" የሚለው አማርኛ (ይቅርታ፣ ስፓኒሽ) ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራውን ለመካፈል እንጂ ስድቡን ለመካፈል አይደለም። ቋንቋቸውማ "የሌባ ቋንቋ" ተብሎ ነው የኖረው። የማይገባን ንግግር ሁሉ ሊሰርቀን የታሰበ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሼፋችን ልመልሳችሁ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ "ቻቫል፣ አ ኩራር!" ይለኝ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ወደ ሥራ!" እንደማለት ነው። ቆይቼ ነው የደረስኩበት። "ቻቫል" የካሎ ቃል ነው። "ኩራር"ም የካሎ ቃል ነው፤ መሥራት ማለት። ሰውየው ለሥራ የሚጠራን፣ ሥራ በከለከለው ልጅ ቋንቋ ነው! ሌብነት ካነሳን፣ ማን ከማን እንደወሰደ እናንተ ፍረዱ።

በሱ ብቻ እንዳንስቅ። "ካማሮንማ ሌላ ነው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ማድሪድ አይደለም የተማርኳት። ሰርግ ላይ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ለጥፈን፣ እልል ብለን፣ ልጁ ልጃችንን ሊጠይቅ ሽማግሌ ቢልክ ግን ምን እንደምንል እናውቃለን። ማረሻውን የሚያበጅልንን ቀጥቃጭ "ቡዳ" እያልን ነው ያረስነው። አዝማሪዎቻችንም እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1952 ጽፈውበታል። የኛ ሰው ግን ስንቱ ነው ይህን የሚያውቅ? ዘፈናቸውን እንጂ እነሱን አልሰማንም።

በ1976፣ ፍራንኮ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሆሴ ኤሬዲያ ማያ የተባለ ሂታኖ ገጣሚ ግራናዳ ላይ አንድ የመድረክ ሥራ አቀረበ። የድሮዎቹ ፀረ ሂታኖ አዋጆች መድረክ ላይ ይነበባሉ፤ ለያንዳንዱ አዋጅ መልሱ ዘፈንና ጭፈራ ነው። ርዕሱን በካሎ ነው ያወጣው፦ "ካሜላሞስ ናኬራር"። መናገር እንፈልጋለን። ልብ በሉ፤ "መዝፈን እንፈልጋለን" አይደለም ያለው። መዝፈኑንማ ማንም አልከለከላቸውም፤ አዝናኑን ተብለው ነው የኖሩት። የተከለከለው መናገሩ ነው።

በ2010 ዩኔስኮ ፍላሜንኮን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ደስ ይላል፤ ይገባዋልም። ግን ዘፈንን መዝግቦ ዘፋኙን ከበር መመለስ ቅርስ መጠበቅ አይመስለኝም።

ምን እናድርግ ካላችሁኝ ትልቅ ነገር የለኝም። ፍላሜንኮ ስታዳምጡ "የስፔን ሙዚቃ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ሂታኖ የሚለውን ስም ጨምሩበት። እዚህ አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ አጠገባችሁ ሰው ከበር ሲመለስ "እኔንማ ወደውኛል" ብላችሁ አትጽናኑ። "እገሌማ ሌላ ነው" የተባለ ሰው ነገ ተራው እስኪደርስ ነው።

ያን ልጅ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በጓሮ በር እስኪወጣ ድረስ አንድ "ቆይ" የምትል ቃል ትበቃ ነበር። ቃሏን በስፓኒሽ አውቃታለሁ። ያኔም አውቃት ነበር።

ቸር እንሰንብት።