የአቮካዶ ንግድና አማና



በአገራችን በየጁስ ቤቱ በስፕሪስ መልክ የምናውቀው አቮካዶ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የሚሸጥ ትልቅ የንግድ ዕቃ ሆኗል። በእነዚያ አገሮች ከሚኖሩ ወጣቶቻችን መካከል ከኬንያ ወይም ከኢትዮጵያ አስመጥቶ መሸጥን የሚያስብ አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ኮንቴይነር ሊጠፋ ስለሚችል፣ በዚህ ወር አምዳችን የዚህን ንግድ አካሄድ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የፍሬውን ጠባይ እንወቅ። አቮካዶ ዛፉ ላይ ይደርሳል እንጂ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በመሆኑም የደረሰውም ያልደረሰውም በሚቆረጡበት ቀን እኩል ጠንካራ ናቸው፤ በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ የሚታየው ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ነው። የደረሰው እንደ ቅቤ ሲለሰልስ፣ ያለጊዜው የተቆረጠው ይጨማደዳል፣ እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ጣዕምም አይኖረውም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቀላል ምርመራ አለ። አቮካዶ እየደረሰ ሲሄድ ውሃው ይቀንሳል፣ ቅባቱ ይጨምራል። ከሥጋው ጥቂት ተወስዶ ይመዘናል፤ ከዚያም ውሃው እስኪያልቅ በምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። ሃስ የተባለው ዝርያ የአውሮፓን ገበያ መስፈርት ለማሟላት ከ100 ግራም ሥጋው ቢያንስ 21 ግራም ደረቅ ነገር ሊተርፍ ይገባል። ኬንያም ዋናው ምርት በማይደርስበት ወቅት በባሕር የሚላከውን አቮካዶ ስታግድ ቆይታለች። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 እገዳው የተጀመረው በኖቬምበር መጀመሪያ ነበር። ጥቂቶች ቀድመው ለመሸጥ ሲሉ ለጋ ፍሬ ቢልኩ፣ የአገሪቱ ገበሬ ሁሉ ስሙ ይጠፋልና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፍሬ ለምግብነት መድረሱ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያ ዘመን ነገሩ በተለይ የተምር ነበር። ዝርዝር ፍርዱን ለዑለሞች ትተን፣ ከጥበቡ ግን ለዛሬው ነጋዴ የሚሆን ትምህርት እናገኛለን፤ ገዢው ሊያየው በማይችለው ነገር ገንዘቡ እንዳይበላበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅዝቃዜ ነው። ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በ4 ኪሎ ካርቶን የታሸገ ከ20 ቶን በላይ አቮካዶ ይይዛል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በውስጡ ያለውን የፍሬ ብዛት ያመለክታል። 18 ቢል ፍሬዎቹ እያንዳንዳቸው 220 ግራም ገደማ ናቸው ማለት ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍሬው ያንሳል። ሃስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ሙቀቱ ከፍ ካለ በመንገድ ይበስላል፤ ቅዝቃዜው ከበዛ ደግሞ ሥጋው ይጠቁራል። የኮንቴይነሩ ሥራ የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ማቆየት እንጂ የጋለውን ፍሬ በፍጥነት ማቀዝቀዝ አይደለም። ስለዚህ ቅዝቃዜው ከመጫኑ በፊት፣ በማሸጊያው ቤት መጀመር አለበት። ከሙዝ ጋር አብሮ መጫንም አይገባም፤ የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ አቮካዶውን ያበስለዋልና።

መንገዱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀመር፣ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች የስዊዝን ቦይ ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞሩ። ከሞምባሳ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አቮካዶ በባሕር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ። እንዲህ ባለ ጊዜ በደንብ ያልቀዘቀዘ ፍሬ ወደብ ሲደርስ ዕድሜው ያበቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ውሉ ነው። አንዳንዱ በቁርጥ ዋጋ ይገዛል። ሌላው ፍሬውን በአደራ ይቀበልና ሸጦ፣ የመርከብ ኪራይ፣ ቀረጥና ኮሚሽን ቀንሶ የተረፈውን ለላኪው ይልካል። በዚህኛው መንገድ ላኪው ወደቡ ላይ የሆነውን አያይም። «ፍሬህ ተበላሽቶ ደረሰ፣ የተረፈ ነገር የለም» ቢባል ምን ማድረግ ይችላል? ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። አስመጪውም በበኩሉ ለጋ ፍሬ ሊላክበት ይችላል። ሁለቱም ሌላው የማያየውን ነገር በእጃቸው ይዘዋል። አማና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንመክራለን፦

አንደኛ፣ ዝርያው፣ የፍሬው መጠን፣ የደረቅ ይዘቱ ልክና የጉዞው ቅዝቃዜ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፉ። የምርመራው ውጤትም ከመጫኑ በፊት ይላክላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ በኮንቴይነሩ ውስጥ ይቀመጥ። ጥፋቱ የደረሰው የት እንደሆነ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉዳት ቢገኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚነገር፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ መርማሪ ማን እንደሚሆንና ወጪውን ማን እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቅ።

አራተኛ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የመርከብ ጭነት ሰነድና የትውልድ አገር ማረጋገጫ መሟላታቸውን አረጋግጡ። የጤናው ወረቀት የሚያስፈልጋችሁ አገር ያለዚያ ካርቶኑን አያስገባም።

አምስተኛ፣ ለጀማሪ ሙሉ ኮንቴይነር አይመከርም። አንድ ወቅት ከነባር አስመጪ በካርቶን እየገዛችሁ ብትሸጡ፣ የትኛው መጠን እንደሚፈለግና በሳምንት ስንት እንደሚሸጥ በትንሽ ወጪ ትማራላችሁ።

ትርፍ ሲገኝም፣ ፍሬውን ከሙራንጋ ወይም ከሲዳማ ማሳ የለቀመውን ገበሬ እናስታውስ። የሽያጩን ደረሰኝና የመርማሪውን ወረቀት ሳይጠየቅ የሚልክ አስመጪ በሚቀጥለው ዓመት መልካሙ ፍሬ ለእርሱ ይቆረጥለታል። አላህ ሐላል ሪዝቅና በረካ ይስጠን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።