ርዕሰ አንቀጽ፦ አሮጌ ካብ አይነካ



ሰሞኑን ለአጥርና ለቤት መሠረት እየተባለ ከአሮጌ ግንብና ከእርከን ላይ ድንጋይ መነሳቱን ማኅበራችን ተመልክቷል። «በጋይንት ድንጋይ ምን ጠፍቶ!» የሚል አይጠፋም። ድንጋይስ ሞልቷል፤ የተጠረበውና የተካበው ግን የሰው ላብ ነው።

ከእስቴ ወደ ሞጣ መሻገሪያ፣ ዓባይ ላይ የተሠራውን ሰባራ ድልድይ ስሙን ያልሰማ የለም። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። ኖራ እኮ ሌላ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውሃ ተበርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ነው ግንብ የሚያያይዘው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ (1928–1933 ዓ.ም.) አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ብለው መሐሉን ሰበሩት። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ስንት ዘመን በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ! በ1994 ዓ.ም. ቢጠገንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። የፈረሰ ግንብ እንዲህ ነው፣ ቶሎ አይመለስም። አርበኞቹስ ምክንያት ነበራቸው፤ እኛ ከማን ጋር ተጣልተን ነው የምናፈርሰው?

የጋይንቷን ቤተልሔም በድጓ ምስክርነቷ ሁሉ ያውቃታል። በክቡ ቤት ውስጥ ያለው አሮጌው ሕንፃ ግን ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ በአክሱም ዘዴ የተሠራ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አባቶች አሮጌውን ሳያፈርሱ ዙሪያውን ሌላ ቤት አለበሱት።

የእርከኑ ድንጋይማ ከተነሳ አፈሩን ክረምቱ ወደ በሽሎ ይዞት ይወርዳል።

ስለዚህ ከአሮጌ ካብ ድንጋይ ለማንሳት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለማኅበሩ ያስታውቅ። ከእርከን የተነሳውም ዝናብ ሳይገባ ወደ ቦታው ይመለስ።